መስኮት ቁጥር ሦስት

መሐል ሜዳ ላይ ነው የምቀመጥበት፣
መዝገብ ቤት፣ መስኮት ሦስት፣ ብርድ የማይለቅበት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቤቱታ ቆጥሬ፣
ቴምብር ለጣጥፌ፣ ገጽ በገጽ ደርድሬ፣
ሕጉን የማውቀው ግን እንደ ጎረቤት ነው፤
ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲያስል የምሰማው።

ማክሰኞ ነው ጠዋት፣ ውርጩ ገና አልለቀቀ፤
ባና ተከናንባ፣ ጫፉ የደቀቀ፣
አንዲት ሴት ቀረበች።
ስም? «ዘውድነሽ ቸኮል።» ዕድሜ? «ሠላሳ አንድ።»
የተከሳሽስ ስም? ዞር አለች፣ እንዳይሰማት ዘመድ።
«ባዳ እንዳይመስልሽ፤ ባሌ ነው» አለችኝ።
እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዋን አሳየችኝ፤
ገመድ የዞረበት።
ብዕሬን አነሣሁ፤ «ደበደበሽ?» አልኳት።
«እሱስ ይድናል» አለች፤ «ሌላ ነው የመጣሁበት።
አልፈልግም አልኩት። ሦስቴ አልኩት፣ በቃል።
ለዚህስ ሕጋችሁ ስንት ቁጥር ይሰጠዋል?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ስድስት መቶ ሃያ፣
ገጹ የጠቆረ፣ የብዙ ጣት መዋያ።
በጣቴ እየመራሁ አነበብኩላት፤
ኃይል አለ፣ ዛቻ አለ፣ ጽኑ እስራት አለበት፤
መሐል ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ተያዘ፤
ሁለት ቃል ተቀምጦ በሩን ተመርኩዞ፦
«ከጋብቻ ውጭ» ይላል።
እንደ ዘበኛ ነው፤
ሌላዋን ያስገባል፣ እሷን ይመልሳል።

እናቴን አሰብኳት።
እናቴ ሞላሌ ጨው ገዝታ ስትመለስ፣
ሦስት ሰው ነው የያዛት፣ በበቅሎ፣ በፈረስ።
ያኔም ሕግ ነበረ፤ ጠላፊ ይታሰራል፣
«አግብቼዋለሁ» ካለች ግን መዝገቡ ይዘጋል።
ሽማግሌ መጣ፣ ላም ታሰረ፣ ተማለ፤
እናቴን ማን ጠየቃት? «ዝም አለች» ተባለ።
ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለም ባገር?
በዚያ ወርቅ ተገዛ ያባቴ ጎጆ፣ የኔም መኖር።

ያ አንቀጽ ተሻረ። ሬዲዮ ሲናገር
እናቴ መደብ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።
ቀና ሳትል «ደግ» አለች፤ ብቻ «ደግ»፣
ተመለሰች ጠጠር ወደ መፈለግ።

ያያቶቻችን ሕግ፣ እላይ እጓሳ፣
አባ ጌራው ሳይፈቅድ ማጭድ ለሚያነሣ
ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ዓመታት ይዘጋል፤
ሣሩ እስኪጎለምስ አገር ይጠብቃል።
ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ነው፣ ወረቀት፤
አጥር ለማጠርም፤ ለእኔም ለለቅሶ ሦስት ቀን፣ ለዕረፍት፤
አባታችን ሆይ ላይ «ፈቃድህ» ነው የሚሉት።
ሣር ይጠየቃል እኮ! ሴት አንዴ ከፈረመች፣
አንዴ «እሺ» ካለች፣ ሁልጊዜ «እሺ» አለች?

ይህን አልነገርኳትም። ጸሐፊ አይናገርም።
«በአካል ጉዳት ይታይ፤ ቀላል ጉዳት» አልኳት።
«ቀላል?»
ትንፋሿ መስታወቱን አለበሰው፤
ፊቷን ለአፍታ አጣሁት።

ጻፍኩ። ቀኑን፣ አንጓዋን፣ የገመዱን ስፋት፣
ሐኪም እንዲያያትም ደብዳቤ ጨመርኩላት።
ከታች አንድ መስመር ባዶ ተርፎ ነበር፣
ዳኛው «አግባብ የለው» ብለው የሚሰርዙት ዓይነት፣
እዚያ ላይ የራሷን ቃል አሰፈርኩት፦
አልፈልግም አልኩት።

ወረቀቱን ስባ፣ ፊደል በጣት ቆጥራ
(ዘንድሮ ነው የተማረችው፣ በማታ፣ ከልጇ ጋራ)
«ሦስቴ ነው ያልኩት» አለች።
ሁለቱን ጨመርኩ።

ለቴምብሩ አምስት ብር ከመቀነቷ ፈታች፤
ባናዋን አጥብቃ ወደ ውርጩ ወጣች።
ይሰርዙት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ።
ብቻ የመንግሥት ወረቀት ስስ ነው፤
ገልበጥ አድርጌ አየሁት፣
ቀለሙ እስከ ጀርባው ዘልቋል።